ኔት፦ ደሃና የገቡ ሁለት መረቦች

እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ከአምደወርቅ ራቅ ባለች የደሃና ቀበሌ ተወልዳ፣ እዚያው አግብታ፣ እዚያው ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። አማርኛ ትናገራለች፤ ኽምጣኛም ከጎረቤትና ከገበያ ለምዳ ትሰማለች። ሆኖም ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ከአፏ አይጠፉም። አንደኛው "ሴፍትኔት" ነው፣ ሁለተኛው "ኔቶርክ"።

ባለፈው የካቲት አንድ ማታ ስናወራ መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቆረጠብን። በአራተኛው ስትደውል ሰላምታውን ዘለለችና፣ "እኔ የምልህ ልጄ፣ ይሄ ኔቶርክና ያ ሴፍትኔት ዘመዳሞች ናቸው እንዴ?" አለችኝ። "ሁለቱም ሲፈልጉ ይመጣሉ፣ ሲፈልጉ ይጠፋሉ።"

ሳቅኩ። ከዚያ ዝም አልኩ። እኔ እንጀራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ "ኔትወርክ" የሚለውን ቃል በሥራ ቀን ስንቴ እንደምጽፈው ቆጥሬ አላውቅም። አንዱ በራሱ፣ ሌላው በጭራው "ኔት" የተሸከሙ መሆናቸውን ግን አንድ ቀንም ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በጆሮዋ ብቻ ያዘችው። ያን ማታ መልስ አልሰጠኋትም። "አጣርቼ እነግርሻለሁ እማዬ" አልኳት፤ ሥራ ቦታ የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ የምለውን ማለት ነው። ይኸው ማጣራቱ ነው።

ከቃሉ ልጀምር። "ኔት" በእንግሊዝኛ ዱሮም የነበረ፣ አጭርና ተራ ቃል ነው፤ ክር ከክር ተቋጥሮ የሚሠራ፣ ዓሣ ወይም ወፍ የሚጠመድበት ነገር። "ኔትወርክ" ደግሞ ስልክ ከመፈጠሩ በፊት ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ የነበረ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታተሙ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 27 ላይ ስለ መሠዊያው የናስ መከታ ሲናገሩ ይኼንኑ ቃል ይጠቀማሉ። የእኛም መጽሐፍ ቅዱስ እዚያው ቦታ ላይ "መረብ" ይላል። እና "ኔትወርክ የለም" እያልን የምናማርርበት ቃል የመሠዊያ ዕቃ ነበር ማለት ነው። ሳሙኤል ጆንሰን የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ታዋቂ መዝገበ ቃላት "ኔትወርክ"ን ሲፈታ ከራሱ ከቃሉ የከበዱ ቃላት ደርድሮ፣ ሐሳቡ ሲጨመቅ ግን "እኩል በእኩል የተጠላለፈ፣ በመሐሉ ክፍተት ያለው ነገር" የሚል ትርጉም ሰጠው። ሰዎች እስከ ዛሬ ይስቁበታል። እኔ ግን ክፍተቱን ማንሳቱን ወደድኩለት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በአማርኛ መረብ ከክፍተቱ ይልቅ መያዙ ነው የሚታወሰው። ሰው "መረብ ውስጥ ገባ" ከተባለ ተያዘ ማለት ነው። ጴጥሮስና እንድርያስ ጌታን ሊከተሉ መረባቸውን ጣሉ፤ ቄሱ ይኼን ሲያነቡ ግን ደሃና ያለን ልጆች የዓሣ መረብ ምን እንደሚመስል አናውቅም ነበር። ተከዜ ሩቅና ቁልቁል ነው። እኛ የምናውቀው መረብ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በሁለት እንጨት መሐል የተወጠረውን የመረብ ኳስ መረብ ነው፤ እሱም ተበጣጥሶ በሲባጎ የተቀጠለ። በእኛ አእምሮ ሐዋርያት ኳስ ሜዳ ጥለው ሄዱ።

*

አሁን ወደ ሴፍትኔት።

ስሙ ከመጣበት ዓለም እንነሳ። በሰርከስ ገመድ ላይ የሚሄድ ሰው ቢወድቅ እንዳይሞት ከሥሩ መረብ ይዘረጋል። ይኼ ነገር ከሰርከስ ወጥቶ በግንባታ ሥራ ስሙ የገነነው ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ነው። ጎልደን ጌት ድልድይ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1937 ሲሠራ ከድልድዩ ሥር ትልቅ መረብ ተዘረጋ። 19 ሠራተኞች ወድቀው መረቡ አዳናቸው። እነሱም ራሳቸውን "ግማሽ መንገድ ወደ ሲኦል ክለብ" ብለው ጠሩ፤ ግማሽ መንገድ ሄደው ተመልሰዋልና። ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ግን፣ በየካቲት 1937፣ መወጣጫው ራሱ ተገንጥሎ መረቡ ላይ ወደቀና ይዞት ወረደ። በአንድ ቀን 10 ሰው ሞተ። መረቡ የተሠራው ለሰው ክብደት እንጂ ለመወጣጫ ክብደት አልነበረም። ይኼን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ቃሉ ወደ ፖለቲካ ገባ። ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. በ1981 ሥልጣን ሲይዙ የመንግሥት ወጪ እየቀነሱ ሳለ፣ የእውነት ለተቸገሩት ግን "ሴፍቲ ኔት" አይነካም ይሉ ነበር። ስለዚህ ቃሉ ሰፊ ሲሆን ሳይሆን ሲጠብ ነው የገነነው፤ ሌላው ሲነሳ ከሥር የሚቀረው ዝቅተኛው ነገር ማለት ሆነ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ድህነት ባወጣው የዓለም ልማት ሪፖርት ለድሃ አገሮች ከሚመክራቸው ነገሮች መሐል ሴፍቲ ኔትን አስገባው። ቃሉ ከሰርከስ ተነስቶ፣ በድልድይና በቤተ መንግሥት አልፎ፣ በሰነድ ተጠቅልሎ ወደኛ መጣ።

እኛ ጋ ከዚያ በፊት ምን ነበር? እርዳታ ነበር። በየዓመቱ ዝናቡ ሲቀር መንግሥት አቤት ይላል፣ ለጋሾች ይሰበሰባሉ፣ ስንዴው ወደብ ይደርሳል፣ አንዳንዴ በሰዓቱ፣ አንዳንዴ በሬው ከተሸጠ በኋላ። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ዕርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ያኔ አንድ ጥያቄ ከበድ ብሎ ተነሳ፤ በየዓመቱ የሚራበው ሰው ያው አንድ ሰው ከሆነ፣ በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ ነገር ለምን እንደነግጣለን? አስቀድሞ በጀት ቢያዝለትስ? ከዚህ ሐሳብ ነው በ1997 ዓ.ም. "የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም" የተጀመረው። በመጀመሪያው ዓመት ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያዘ፤ በኋላ ከሰባት ሚሊዮን አለፈ። በአፍሪካ ከትልልቆቹ አንዱ ነው።

ስሙን እንየው። በእንግሊዝኛው ሦስት ቃል አለ። የመጀመሪያውን "ልማታዊ" ብለው ተረጎሙት። የቀሩትን ሁለቱን ሳይነኩ ተዉአቸው። ለምን? ማን እንደወሰነ የሚናገር ነገር አላገኘሁም፤ ግምት ግን አለኝ። "ሴፍቲ" ደህንነት ነው፣ "ኔት" መረብ ነው። በሉ ገጥማችሁ አንብቡት። የደህንነት መረብ! በኢትዮጵያ አንድ ባለሥልጣን ገጠር ወርዶ፣ ሕዝቡን ዛፍ ሥር ሰብስቦ፣ "የደህንነት መረብ ልንዘረጋባችሁ መጥተናል" ቢል ስብሰባው በአምስት ደቂቃ ይበተናል። ማን ይቀራል? ቃሉ ሳይተረጎም በመቅረቱ ዳነ።

ከዚያ በፊት የነበሩት ግን ተተርጉመው ነበር። "ምግብ ለሥራ" የሚባለውን አያቶቻችን ያውቁታል፤ ስሙን የሰማ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። በፕላስቲክ የሚመጣው የሕፃናት ዱቄት ስሙ "ፋፋ" ነው፤ ከዚህ የበለጠ አማርኛ ከየት ይመጣል? ሌላም አለ። በቆላው ለወባ የሚታደለውን መረብ በእንግሊዝኛ "ኔት" ነው የሚሉት። እኛ ግን "አጎበር" አልነው፤ ከአልጋ በላይ ለሚዘረጋ መጋረጃ ድሮም የነበረን ቃል ነው። እና አንዱ ኔት በአማርኛ ስም ገባ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ስሙ። አጎበርን ማየት ይቻላል፣ መንካት ይቻላል። የምግብ ዋስትና መረብ ግን የት ነው የተሰቀለው?

*

ደሃና ስል "ደሃ" የሚለውን ብቻ የሚሰሙ ሰዎች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገጥመውኛል። ለቀልድ ነው፣ ግን ይሰለቻል። ዋግ የዋግሹሞች አገር ነው፤ ዋግሹም ጎበዜ ከዚህ ተነስተው አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል፣ ከአፄ ቴዎድሮስ በኋላ፣ ከአፄ ዮሐንስ በፊት። ያ ሁሉ ቀርቶ ሰቆጣ ዛሬ በመንግሥት ሰነድ የምትጠራው በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ በተፈረመው "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ነው፤ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ግድም እንዲያበቃ የሚል ቃል ኪዳን። መልካም ቃል ኪዳን ነው። ግን የትውልድ አገርህ ስም የረሃብ መፍትሔ ስም ሲሆን ደስ ይበልህ ወይስ ይክፋህ አታውቅም።

በ1997 ዓ.ም. እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው ስብሰባና ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣው ቀበሌው ነው፤ ማን ድሃ እንደሆነ የሚያውቀው ጎረቤት ነው ተብሎ። የሚሰላውም እንዲህ ነበር፤ ለያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ይያዝለታል፣ ሕፃንም ይሁን አዛውንት። ሥራውን የሚሠራው ግን ጉልበት ያለው ነው። ለአንድ ቀን ሥራ ሦስት ኪሎ እህል፣ ወይም ያኔ 6 ብር። እኛ አምስት ነበርን። አምስት ሰው በአምስት ቀን 25 ቀን፣ በሦስት ኪሎ 75 ኪሎ። ለስድስት ወር፣ ከጥር እስከ ሰኔ፣ 450 ኪሎ። በሕይወቴ የሠራሁት የመጀመሪያው የማባዛት ሒሳብ ይኼ ነው ብል ብዙም አልዋሽ። ጉልበት የሌላቸው፣ አሮጊቶች፣ ሕሙማን፣ ሳይሠሩ ያገኛሉ፤ እሱ "ቀጥታ ድጋፍ" ይባላል።

እናቴ ድንጋይ ተሸከመች። እርከን ሠራች፣ ጉድጓድ ቆፈረች፣ መንገድ ጠረገች። አባቴም እንደዚሁ፣ እስከሚታመም ድረስ። ከቤታችን ማዶ ያለው ዳገት ላይ ዛሬም በደረጃ የተደረደሩ እርከኖች ይታያሉ፤ ከብት እንዳይገባበት ተከልሎ ቁጥቋጦ በቅሎበታል። ልጅ ሆኜ ራቁቱን የማውቀው ዳገት ነው። ስለ ሴፍትኔት ክፉ ብቻ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ይኼን ዳገት ነው የማስበው። በ2000 ዓ.ም. ግድም የእህል ዋጋ ሰማይ ሲወጣ በብር የሚከፈላቸው ተጎዱ፤ የቀኑ ክፍያ ወደ 8 ከዚያም ወደ 10 ብር ከፍ ቢልም ገበያውን አልደረሰበትም። ያኔ ነው "በእህል ይሁንልን" የሚለው ልመና የበዛው። እህል አይዋሽም፤ ሦስት ኪሎ ሦስት ኪሎ ነው።

በዚህ መሐል ቃሉ ራሱ የኛ ሆነ። "ሴፍትኔት ሄዳለች" ማለት ድንጋይ ልትሸከም ወጥታለች ነው። "ሴፍትኔት መጣ" እህሉ ወይም ብሩ ደረሰ ነው። "ሴፍትኔት ገባ" ስሙ ዝርዝር ውስጥ ተጻፈ፣ "የሴፍትኔት ድንጋይ" የእርከኑ ድንጋይ፣ "የሴፍትኔት መንገድ" ወደ ገበያ የሚወስደው ነው። ሥራ ነው፣ ምግብ ነው፣ ወረፋ ነው፣ ወቅት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ትርጉሞች ውስጥ አንዱም ላይ መረብ የለም። ከላይ የሚወድቅ ሰውም የለም። ደሃና ውስጥ ሴፍትኔት ቀና ብለህ ወደ ላይ የምትሸከመው ነገር ነው።

በጣም የገረመኝ ቃል ግን "ተመረቀ" ነው። ከፕሮግራሙ የሚወጣ ሰው፣ ራሱን ችሏል የተባለ፣ በእንግሊዝኛው ልክ ከትምህርት ቤት እንደሚወጣ ተማሪ ነው የሚባለው። የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ ደረጃ ነው፤ አንድ እርከን ወጣ እንደማለት። አማርኛው ግን ምርቃት ነው፤ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ "ይባርክህ" ሲል። እና ከሴፍትኔት የወጣ ሰው ባርከው አወጡት። እናቴ በ2006 ዓ.ም. ተመረቀች። ደስ ብሏት ነው የወጣችው፤ በብድር የገዛችው በሬ ነበራት፣ ጥቂት በጎች ነበሯት፣ ቆጥረው "በቃሽ" ሲሏት እሷም በቃኝ አለች። በዚያ ሰሞን እሷ ነበረች ለኔ "አንተስ መቼ ነው የምትመረቀው?" የምትለኝ፣ እየቀለደች።

በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኞ ድርቅ መጣ። ሴፍትኔት ውስጥ ካሉት ሌላ አስቸኳይ ዕርዳታ የሚፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን ሆነ። መወጣጫው ነው የወደቀው፣ ሰው አይደለም። በሬው ተሸጠ፤ ሁሉም ሰው በሬ በሚሸጥበት ሳምንት በሬ ስንት እንደሚያወጣ ለገጠር ልጅ መንገር አያስፈልግም።

*

ሁለተኛው ኔት በሽቦ ነው መምጣት የነበረበት።

ኢትዮጵያ ስልክ የገባላት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን፤ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። አማርኛ ለዚህ ዕቃ የሰጠው ስም "ስልክ" ነው፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን እዚያ ትርጉሙ ሽቦ ነው። ሰው ያየውን ጠራ፤ ድምፁን ሳይሆን ሽቦውን። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ሽቦው ጠፋ፣ ስሙ ግን ቀረ። እና እኛ በኪሳችን ሽቦ አልባ ሽቦ ይዘን እንዞራለን። ሽቦው በሌለበት የሚጠራ ነገር ሲያስፈልግ ነው "ኔትወርክ" የገባው። የማይታየው ነገር ስሙ እሱ ሆነ።

በ1999 ዓ.ም. ከቻይና ኩባንያ ጋር በተፈረመው የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ውል የሞባይል ማማዎች በየአገሩ መቆም ጀመሩ። አምደወርቅ ላይ ሲቆም ለእኛ ቀበሌ አልደረሰም፤ መሐላችን ተራራ አለ። ሰዉ ግን ፈልጎ አገኘው። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለች ሸንተረር ላይ አንዲት ወይራ አለች፤ ከሥሯ ቆመህ ወደ ምሥራቅ ከዞርክ ሁለት መስመር ይገባል። ቦታዋ ከዚያ በፊት ስም አልነበራትም። ዛሬ "ኔቶርኩ" ነው ስሟ። "ከብቶቹ ከኔቶርኩ በታች ናቸው" ይባላል። "ኔቶርኩ ጋ ጠብቀኝ።" ተበድሬ ብታዩት ደስ ይለኛል ብዬ ስንት የውጭ አገር የቴሌኮም ሰነድ ውስጥ ሥዕል አስገብቼ አውቃለሁ፤ እውነተኛው ሥዕል ግን እሷ ወይራ ሥር ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው የቆሙ ሦስት እናቶች ናቸው።

ከተማ ስገባ ሌላው ትርጉም ጠበቀኝ። ተመርቄ ሥራ ስፈልግ አንድ ጓደኛዬ "ሲቪህ ጥሩ ነው፣ ኔትወርክ አለህ?" አለኝ። የዋይፋይ መስሎኝ "አለ፣ ትንሽ ይቆራረጣል" አልኩት። እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

ይኼኛው ኔትወርክ አዲስ ነገር አይደለም፤ ልብስ ነው የቀየረው። ድሮ ጌታ ደጅ ላይ ወራት ሙሉ ቆሞ መታየት "ደጅ ጥናት" ይባል ነበር። ከዚያ "አማላጅ" አለ። "ሰው አለህ?" አለ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። እነዚህ ሁሉ ቃላት ውስጥ ሰው ይታያል፤ ደጁ ላይ የቆመው፣ የሚያማልደው፣ ዘመዱ። "በኔትወርክ ገባ" ስንል ግን ሰው ጠፋ። ማን እንዳስገባው አይታወቅም፣ እንደ ሞገዱ በአየር ገባ። በዜና "የሙስና ኔትወርክ ተበጣጠሰ" ሲባል እንሰማለን፤ በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ "የኔትወርኪንግ ምሽት" ተብሎ ሻይና ሳምቡሳ ይቀርባል፣ ቢዝነስ ካርድ እንለዋወጣለን። እኔም እሄዳለሁ፣ አልክድም። አንዱ ቃል ምድር ቤት ወንጀል ነው፣ አራተኛ ፎቅ ሙያ።

*

ሐምሌ 29 ቀን 2013 ላሊበላ ተያዘች ሲባል እኔ አዲስ አበባ ገና አዲስ ሥራ የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። ሰቆጣም በዚያው ክረምት ተያዘች። ስልኩ ተቋረጠ። መብራቱም፣ ባንኩም።

በሥራዬ ላይ አንድ መሣሪያ ሌላውን ጠርቶ መልስ ካላገኘ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ፤ ሠላሳ ሴኮንድ እንበል። ካለፈ ጥሪው ይዘጋና ስሕተት ይጻፋል። ያንን ቁጥር እኔ ነኝ የምወስነው። በእነዚያ ወራት ያንን መስመር ስጽፍ እጄ ይከብደኝ ነበር። ለእናቴ ስንት ልስጥ? ነሐሴ አለፈ። መስከረም አለፈ። በየማታው እደውላለሁ፤ ያቺ የተቀዳች ሴት ድምፅ ያንኑ ትመልሳለች።

ከዋግ የወጣን አዲስ አበባ ያለን ልጆች ቴሌግራም ላይ ተሰባሰብን። እኔ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ የቀበሌ ስም፣ ከዚያ የወጣ ሰው፣ የወጣበት ቀን፣ ያየው ሰው። ለሶፍትዌር ባለሙያ ቀላል ነገር ነው። ከባዱ ሠንጠረዡን መሙላት ነበር፤ የሚሞላው ደግሞ በእግር ነው። ሰው በተራራ ተሻግሮ ወደ በለሳ፣ ወደ እብናት ይወጣል፤ እዚያ ስልክ ይሠራል። የሚወጣው ሰው ያለፈባቸውን ሰፈሮች ወሬ ይዞ ይወጣል። አንድ ነጋዴ ለአንዱ ይነግራል፣ እሱ ለአክስቱ፣ አክስቱ ባሕር ዳር ላለ ልጇ፣ ልጇ ለኛ። "ሰው አለህ?" የሚለው አሮጌ ጥያቄ ያኔ ትርጉሙ ገባኝ። እውነተኛውን ኔትወርክ ያየሁት ኔትወርክ በጠፋበት ዓመት ነው።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ሰውየው ድምፁ ደክሟል። የአባቴን ስም ጠቅሶ "የእሱ ልጅ ነህ?" አለኝ። ነኝ አልኩ። "እናትህ 'ደህና ነኝ በሉት' ብላለች። ከሷ የሰማሁት እኔ አይደለሁም፣ እህል ልታስፈጭ የሄደች የጎረቤታችን ልጅ ናት። ከሰማችው ሁለት ሳምንት ሆኗታል።" ይኼው ነው። ሠንጠረዡ ላይ ቀኑን ጻፍኩ፣ የሰማንበትን መንገድ ጻፍኩ፣ ከዚያ ቢሮ ውስጥ ሽንት ቤት ገብቼ ቆየሁ።

በታኅሣሥ 2014 ሰቆጣ ነፃ ስትወጣ መስመር ቀስ እያለ ተመለሰ። እናቴ ወይራዋ ሥር ሆና ስትደውል የመጀመሪያ ቃሏ "ከሳህ?" ነበር፤ እንዴት በድምፅ እንዳወቀች አላውቅም። ወደ ሴፍትኔት ዝርዝር ተመልሳ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው።

"ሲፈልጉ ይመጣሉ፣ ሲፈልጉ ይጠፋሉ" ያለችው ግን ስለዚያ ዓመት ብቻ አይደለም። በሰኔ 2015 የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ለሌላ ተግባር ውሏል ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ፤ እስከ ኅዳር አካባቢ ቆየ። በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀና በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። በዚያው ክረምት ዝቋላ፣ ሰሃላና አበርገሌ ዝናብ አጥሮባቸው ነበር። ስንዴውና ኢንተርኔቱ በአንድ ክረምት ጠፉ። ሁለት መዝገብ ላይ የተጻፉ፣ ምንም የማይገናኙ ሁለት ውሳኔዎች ናቸው፤ ወይራዋ ሥር ለቆመ ሰው ግን የሚገናኙት እዚያው ነው።

*

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወልኩላት። "አጣራሁልሽ" አልኳት።

"ምኑን?"

"ሴፍትኔትና ኔቶርክ። ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ አባት ነው ያላቸው። 'ኔት' ማለት መረብ ነው።"

"መረብ? የቱ መረብ?"

"የኳሱ እንኳ በይው። ትምህርት ቤት የነበረው።"

ትንሽ አሰበች። ከኋላዋ ፍየል ይጮሃል፤ ወይራዋ ጋ እንደሆነች አወቅሁ።

"እሱማ ቀዳዳው አይደል እንዴ የሚበዛው" አለች።

ስለ ሳሙኤል ጆንሰን ልነግራት ፈለግሁ፤ አልነገርኳትም። ስለ በሬዋ ጠየቅኳት፣ ስለ ወገቧ ጠየቅኳት። ወገቧ ያው ነው።

"በል ልውረድ፣ መሸብኝ" አለች። "ነገ ሴፍትኔት ነኝ።"